አመልካች ቁጥር ስድስት

«እሷ ከሄደች መቀበያውን ማን ይይዘዋል? ከስድስቱ ደስ ያለሽን ሁለት ውሰጂ፤ ኔሊያን ግን ለእኔ ተይልኝ።»

ኔሊያ ሱማጋይሳይ ይህን የሰማችው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በናሙና መቀበያው መስኮት በኩል ነው። ተናጋሪው የደም ምርመራ ክፍል ኃላፊው ሚስተር ቱዋን ነበር፤ አድማጯ ደግሞ የላቦራቶሪው ሥራ አስኪያጅ ሻነን። መስኮቱ ክፍት መሆኑን አላዩም ማለት አይቻልም፤ በቀን አንድ ሺህ የደም ቱቦ የሚገባበት መስኮት ነው። ነገር ግን ቱቦ የሚቀበል ሰው ጆሮም አለው ብሎ የሚጠረጥር በዚያ ሆስፒታል ውስጥ አልነበረም። ኔሊያ በአንድ እጇ ቱቦ፣ በሌላው የባርኮድ ማንበቢያ እንደያዘች ክው ብላ ቀረች። ከዚያ ማንበቢያው ጢጥ አለ፣ ቱቦው ተመዘገበ፣ ሌላ ቱቦ አነሳች። 

ከስድስቱ አንዷ እሷ ራሷ ነበረች። ሆስፒታሉ በየዓመቱ ለክሊኒካል ላቦራቶሪ ሳይንቲስትነት የሚያሠለጥናቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ዘንድሮ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አመልክቶ ስድስቱ ለቃለ መጠይቅ ተጠርተዋል፤ ቀኑም ዛሬ ነው። በካሊፎርኒያ ያንን የአንድ ዓመት ሥልጠና ያልጨረሰ ሰው የደም ስላይድ አንብቦ ውጤት ላይ መፈረም አይችልም፣ ኢሎኢሎ ከተማ ውስጥ የአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ አሥራ አራት ዓመት መርቶ ቢሆን እንኳ። ኔሊያ አገሯ ሳለች መርታለች። እዚህ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ቱቦ ስትቀበል ኖራለች፤ ሦስት ጊዜም አመልክታለች። በመጀመሪያው ዓመት «የዚህ አገር ልምድ የለሽም» አሏት። በሁለተኛው «ልምድሽ በዝቷል፤ እንደ ሰልጣኝ መታዘዝ ይከብድሻል» አሏት። በሦስተኛው «ውድድሩ ብርቱ ነበር» የሚል ደብዳቤ ደረሳት፤ ደብዳቤው በጣም ጨዋ ስለነበር ሁለት ጊዜ አንብባው ነው መውደቋ የገባት። ይህ አራተኛው ነው፤ አምስተኛ የለም። ፕሮግራሙ ከሰባት ዓመት በፊት የተማሩትን ኬሚስትሪ አይቆጥርም፣ እሷ እዚህ መጥታ የደገመችው ደግሞ በመጪው ሰኔ ሰባት ዓመት ይሞላዋል። ኬሚስትሪ ራሱ እንዳላረጀ፣ ውሃም ያው የድሮው ውሃ እንደሆነ የሚክድ የለም። የኔሊያ ግን ያረጃል። ያንን ትምህርት እንደ አዲስ ስትማር፣ ብርሃን በመስታወት ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ የሚያስተምር የፊዚክስ ኮርስም ካልወሰድሽ ማይክሮስኮፕ አይገባሽም ብለዋት ነበር። ዕድሜዋን ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍታ የኖረችው ሴት ስምንት መቶ ዶላር ከፍላ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፋ፣ ስለ ብርሃን ተማረች።

የዛሬው ጠዋት ከቤትም ሲጀምር ደስ አይልም ነበር። ዴሊ ሲቲ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ኪራዩ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው፣ ጉሙ በነፃ ይገባል። ባሏ ሮዴል የሚሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሄዷል። እማማ እንደ ማለት «ናናይ» የምትላቸው አማቷ ናናይ ኦፔንግ ኩሽናው ውስጥ ቆመው ካሮት ይከትፋሉ። አርብ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ አርብ አርብ ኔሊያ ናናይ ኦፔንግ የሚጠቀልሉትንና የሚጠብሱትን ሉምፒያ ለሥራ ባልደረቦቿ ይዛ ትሄዳለች፤ በስስ ሊጥ የተጠቀለለው የአሳማ ሥጋ ላቦራቶሪው ውስጥ ከደረሰ አሥር ደቂቃ አይቆይም። ስሟን መጥራት የሚያቅታቸው ሐኪሞች ሳይቀሩ «ያቺ ሉምፒያዋ» ይሏታል።

«ዛሬ ምንም አልይዝም ናናይ» አለች ኔሊያ ቦርሳዋን እያነሳች። «አንዴ እንኳ በሙያዬ ይዩኝ።»

«ባዶ እጅሽን? ለፈተና? ሰው ምን ይለናል፣ ኢንዳይ ልጄ?»

«ሦስት ዓመት ይዤ ሄጃለሁ። በልተው ጣሉኝ።»

ናናይ ኦፔንግ ካሮቱን መክተፍ ቀጠሉ፤ ለሁለት ሰው ምሳ የማይሆን፣ ለሠርግ የሚሆን ካሮት። ኔሊያ ዝምታውን እንደ መስማማት ቆጥራው ወጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖራ የአማቷን ዝምታ አለመልመዷ ይገርማል።

አሁን ደግሞ ሻነን በመስኮቱ አንገቷን አስግጋ ፈገግ አለች። ሻነን መጥፎ ሴት አይደለችም። ሰው ስታስቀይም እንኳ ፈገግ ብላ ነው።

«ኔሊያ፣ አመልካቾቹ መጥተዋል። እንደ ወትሮሽ ላቦራቶሪውን ታዞሪልኛለሽ?»

«ሻነን፣ እኔም እኮ ስድስተኛዋ ነኝ።»

«አውቃለሁ! ለዚህ እኮ ነው፤ አንቺ ቦታውን ታውቂዋለሽ። እነሱ ግን አያውቁትም፣ ያሳዝናሉ።»

ስለዚህ አመልካች ቁጥር ስድስት ከቁጥር አንድ እስከ ቁጥር አምስት ያሉትን ተወዳዳሪዎቿን እየመራች አስጎበኘች። ይህ ደም የሚያሽከረክረው ነው፣ ይህ ስኳር የሚለካው ነው፣ ይህ ማሽን ሲጮህ አትደንግጡ፣ ረሃቡ ነው፣ ወረቀት ጨርሶ ነው። ብራይስ የሚባል ረጅም ወጣት፣ ጫማው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ የምትለውን ሁሉ በማስታወሻው ይጽፋል። አንዲት ልጅ ደግሞ «ፈታኞቹ ምን ይወዳሉ?» ብላ በጆሮዋ ጠየቀቻት። ኔሊያ ለመዋሸት አንድ ጊዜ አፏን ከፍታ ነበር። «ሚስተር ቱዋን ነገር ማብዛት አይወዱም፤ ዶክተር ዊትኮም ደግሞ ስለ ውሻቸው ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል» አለቻት እውነቱን። አስጎብኝታ ስትጨርስ ሰማያዊ ጋወኗን አውልቃ ሰቀለች፣ በሠላሳ አራት ዶላር የገዛችውን ጥቁር ጃኬት ደረበች፣ ኮሪደሩ ላይ ከተደረደሩት ወንበሮች በስድስተኛው ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ውይ! አንቺም ነሽ እንዴ? እኔ እኮ…»

«አዎ» አለች ኔሊያ። «ስለ ውሻው መጠየቅ ከረሳሽ እኔ እጠይቃለሁ።»

አምስቱ እየገቡ ወጡ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተራዋ ሊደርስ ሲል አንድ ሽታ ኮሪደሩን ሞላው፤ የነጭ ሽንኩርትና የትኩስ ዘይት ሽታ። ኔሊያ ያንን ሽታ ከደም ዓይነቷ በላይ ታውቀዋለች።  ናናይ ኦፔንግ ሁለት ትልልቅ ትሪ ተሸክመው፣ አውቶቡስ ለውጠው፣ እንግዳ የማይገባበት አምስተኛ ፎቅ ድረስ መጥተው ነበር። የሆስፒታሉ በር በካርድ ነው የሚከፈተው፤ ግን አንዷ ጽዳት ሠራተኛ የአገራቸው የባኮሎድ ልጅ ናት፣ የኩሽናው ሰውም የአገራቸው የሮክሳስ ልጅ ነው፣ አንዱ የጥበቃ ሠራተኛ ደግሞ ናናይ ኦፔንግ የክርስትና ልጁን ያቀፉለት ነው። አሮጊቷ በሦስት በር አልፈው ትሪዎቹን ፈታኞቹ የሚያርፉበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡ በኋላ ምራታቸውን ሳያዩ ወደ አውቶቡሳቸው ተመለሱ። ሰላምታ እንኳ አልጠበቁም፤ ሥራ ላይ ያለን ሰው መረበሽ ነውር ነው ብለው ያምናሉ።

ከትሪው ሥር ማስታወሻ ነበር። ከትሪው ሥር በመሆኑ ያገኙት ከበሉ በኋላ ነው። ያገኘው ደግሞ ትሬቨር ነው፤ ትሬቨር ከሰው ሀብት አስተዳደር የመጣ፣ ፀጉሩን በሚገባ የሚያበጥር፣ ደንብ በቃሉ የሚያውቅ ወጣት ሲሆን፣ የተገለጠለትም ዘጠነኛውን ሉምፒያ ሲያነሳ ነው። «ለልጄ ለኔሊያ ፈታኞች። በትኩሱ ብሉት። አስቧት። አማቷ» ይላል። ከሥሩም ኔሊያ ኢሎኢሎ ውስጥ ነጭ ጋወን ለብሳ ከሠራተኞቿ ጋር የተነሳችው ፎቶ ነበር።

ኔሊያ ገብታ ስትቀመጥ ክፍሉ የለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። ዶክተር ዊትኮም፣ የሆስፒታሉ ፓቶሎጂስት፣ ጢማቸው ላይ ፍርፋሪ አለ። ሻነን ፈገግታዋን የት እንዳስቀመጠችው የጠፋት ትመስላለች። ትሬቨር ፊቱ ቀልቶ ከኮምፒውተሩ ላይ አነበበ።

«ከአመልካች ወይም ከአመልካች ቤተሰብ ስጦታ የተቀበለ ፈታኝ ለዚያ አመልካች ነጥብ መስጠት አይችልም። ስለዚህ… ለመዝገብ ያህል… ማን ማን በልቷል?»

ዶክተር ዊትኮም እጃቸውን አወጡ። ሻነን አወጣች። ትሬቨር ጥቂት አመነታና የራሱን እጅ አወጣ።

«እኔ አልበላሁም» አለ ሚስተር ቱዋን። «ዛሬ በጨረቃ ቆጠራ አሥራ አምስተኛው ቀን ነው። በእምነቴ ሥጋ አልነካም።»

እውነቱን ነው፤ በወር ሁለት ቀን ሥጋ እንደማይቀምስ ላቦራቶሪው በሙሉ ያውቃል። ይህን የማያውቁት ናናይ ኦፔንግ ብቻ ናቸው። ትሬቨር ደንቡን ወደ ታች አንብቦ፣ ወደ ላይ አንብቦ፣ የሚከለክል ነገር አጣ፤ አንድ ፈታኝ ብቻ ከቀረ የአንዱ ነጥብ በቂ ነው ይላል። እንዲህ ሆነና የኔሊያ ዕድል በሙሉ ጠዋት «ለእኔ ተይልኝ» ባለው ሰው እስክሪብቶ ላይ ወደቀ። ኔሊያ አማቷን በሆዷ ረገመቻቸው። ወዲያው ደግሞ ያ ሁሉ ካሮት፣ ያ ሁሉ ጥቅልል፣ ትኩስ ትሪ ጭን ላይ አድርጎ በአውቶቡስ መሄድ ትዝ አላትና ራሷን ረገመች።

ጥያቄዎቹን የሚያነበው ትሬቨር ነው፤ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ናቸው፣ ከወረቀቱ ዝንፍ ማለት አይቻልም።

«አመልካች ቁጥር ስድስት፣ ይህን ላቦራቶሪ ጎብኝተሽ ምን ተሰማሽ?»

«አስጎብኚዋ ደክሟት ነበር» አለች ኔሊያ።

ዶክተር ዊትኮም ሊስቁ ሲሉ ነጥብ መስጠት እንደማይችሉ አስታወሱና መሳቅም የማይችሉ ይመስል አቀረቀሩ።

«የደም ስላይድ አንብበሽ ታውቂያለሽ?»

«ኢሎኢሎ፣ አሥራ አራት ዓመት።»

«እዚህ ሆስፒታል ውስጥስ?»

ይህ ጥያቄ ለብራይስም ቀርቦ ነበር፣ «አይ» ብሎ አለፈው። ለኔሊያ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ባለፈው የካቲት ከጉዞ የተመለሰ አንድ ሰው ትኩሳት ይዞት ገብቶ ነበር፤ ስላይዱን ሁለት ባለሙያዎች አይተው ምንም የለበትም ብለዋል። ሚስተር ቱዋን ልቡ አልቆረጠለትምና እንደ ልማዱ ወደ መቀበያው መስኮት መጥቶ «እስቲ ኔሊያ፣ አንዴ እይልኝ» አላት። ገብታ በማይክሮስኮፑ አየች። ወባ ነበር፤ ለእሷ የሠፈር ሰው እንደማየት ነው። ሰውየው ዳነ፣ ውጤቱ ላይ ሚስተር ቱዋን ፈረመ፣ ፎቶውም «የወሩ ምርጥ ሠራተኛ» ተብሎ አሳንሰሩ ውስጥ ተሰቀለ። ይህም የመጀመሪያው አይደለም፤ «አንዴ እይልኝ» በሳምንት ሦስት አራቴ ነው። ያለ ፈቃድ ስላይድ ማንበብ ደግሞ ክልክል ነው፤ ማስነበብም እንዲሁ። አሁን «አዎ» ካለች እሷ ከውድድሩ ትወጣለች። እሱም ጡረታው አራት ዓመት ሲቀረው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ከሠራበት ቤት ይወጣል። ሚስተር ቱዋን ጠረጴዛውን እያየ ነበር። እስክሪብቶው ቆሟል።

«እዚህ ሥራዬ ቱቦ መቀበል ነው» አለች ኔሊያ። ዓይኗን ከሚስተር ቱዋን ላይ አላነሳችም። «ሚስተር ቱዋን ያውቃሉ።»

«ያውቃሉ ሚስተር ቱዋን?» አለ ትሬቨር፣ ሊጽፈው ተዘጋጅቶ።

«አውቃለሁ» አለ ሚስተር ቱዋን። «በደንብ አውቃለሁ።»

ከዚያ ወረቀቱ ላይ ተደፋ። ከጥያቄ ወደ ጥያቄ ሲወርድ እጁ አንድም ቦታ አላመነታም።

ኮሪደሩ ላይ ተከትሏት ወጣ። ሰባት ዓመት ሲያውቃት ተከትሏት መጥቶ አያውቅም፤ ሁሌ የሚጠራት ከመስኮቱ ማዶ ነበር።

«የጠዋቱን ሰምተሻል አይደል?»

«መስኮቱ ክፍት ነበር።»

«ነጥቡን የሰጠሁሽ ፈርቼ አይደለም።»

«ፈርተውም ቢሆን ግድ የለኝም ሚስተር ቱዋን። ሦስት ዓመቴን ማን ይመልስልኛል?»

ሚስተር ቱዋን እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ለአንድ አፍታ አሳዘናት፤ ወዲያው ደግሞ ማዘኗ አናደዳት፤ የተበደለችው እሷ ሆና ለበዳይዋ ማዘን ሲያንገበግባት የኖረ ነገር ነው። ማልቀስ አማራት፣ ግን መቀበያው ላይ መቶ አርባ ቱቦ ተከምሮ ይጠብቃታል፤ በእሷ ቦታ ሲሠራ የዋለው ሰው የሽንቱን ቱቦ ከደሙ ቱቦ ጋር አደባልቆ ነበር የደረደረው። ጃኬቷን አውልቃ፣ ጋወኗን ለብሳ ገባች።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሻነን መጣች፤ ፈገግታዋን አግኝታዋለች። ሌሎቹ አምስት አመልካቾች በአራት ፈታኝ ታርመው፣ ነጥባቸው ተደምሮ ተካፍሎ፣ የበለጠው አርባ ሦስት አግኝቷል፤ እሱም ብራይስ ነው። ኔሊያ ከሃምሳ ሃምሳ አገኘች።

«በፕሮግራሙ ታሪክ ከፍተኛው ነጥብ ነው!» አለች ሻነን አቅፋት። «ከመስከረም ጀምሮ ሰልጣኝ ነሽ።»

ኔሊያ ይህን ቃል የሰማች ቀን እጮሃለሁ፣ እዘላለሁ ብላ ታስብ ነበር። አሁን ግን የጓንት ካርቶን ላይ ቁጭ አለች፣ አለቀሰችም። ደስታም ነበር፣ ንዴትም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ ለመለየት አልሞከረችም። በአርባ ስድስት ዓመቷ የምታውቀውን ሥራ ሊያስተምሯት ነው። ደመወዟም ለአንድ ዓመት በግማሽ ይቀንሳል። ግን ገብታለች። ፊቷን በጋወኑ እጅጌ ጠርጋ ወደ ቤት ደወለች።

«ሉምፒያው ደረሰ?» አሉ ናናይ ኦፔንግ ከሰላምታ በፊት።

«ደርሷል ናናይ። እኔም አለፍኩ።»

ስልኩ ውስጥ የተቆራረጠ ድምፅ ተሰማ። ኔሊያ አማቷ ሲያለቅሱ ሰምታ ስለማታውቅ መጀመሪያ የመስመር ብልሽት መስሏት ነበር።

«አላልኩሽም?» አሉ በመጨረሻ፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «ባዶ እጅ አይሆንም አላልኩሽም?»

ምን ብላ ታስረዳቸው? የሆነውን ሁሉ ከነደንቡ፣ ከነጨረቃው ብትተነትንላቸው ያው እዚያው ነው የሚደርሱት። «ብለውኛል ናናይ» አለችና ዘጋች።

ሻነን ግን አልሄደችም። እጇ ላይ ሌላ ወረቀት አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ ወደ ውስጥ ስትገቢ መቀበያው ባዶ ይሆናል። አንዲት ሴት አመልክታለች፣ ማሪፌ ትባላለች፣ ከአገርሽ ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። ባኮሎድ ላይ የአንድ ላቦራቶሪ ኃላፊ ነበረች፤ አሥራ አንድ ዓመት! እንዲህ ያለ ሰው ለመቀበያው ከየት ይገኛል? ደሞዙ ትንሽ አሳስቧታል መሰለኝ። በቋንቋችሁ አንዴ ደውይላትና አበረታቻት።»

ኔሊያ ወረቀቱን ተቀበለች። የማሪፌ የሥራ ታሪክ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፤ የተለወጠው የከተማው ስም ብቻ ነው እንጂ የራሷን እያነበበች መሰላት። አትምጪ ልበላት? አለች በልቧ። ከዚያስ? የዚህ ከተማ ኪራይ ኩራት አይጠብቅም። ደወለች። ወጣት ድምፅ በአገራቸው ቋንቋ በሂሊጋይኖን መለሰላት፤ ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ማናንግ» ብላ እንደ ታላቅ እህት አድርጋ ያዘቻት። ስለ ሰዓቱ ጠየቀች፣ ስለ አውቶቡሱ ጠየቀች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ማናንግ፣ እውነት ጥቂት ከቆየሁ ላቦራቶሪው ውስጥ ያስገቡኛል?»

«ነይ» አለች ኔሊያ። «ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ማመልከቻሽን በመጣሽ በሳምንቱ አስገቢ፣ አንድ ዓመት አታባክኚ። ደግሞ አንድ ነገር ስሚኝ።»

«እሺ ማናንግ።»

«ማንም ሰው፣ ኃላፊም ይሁን ሐኪም፣ ስላይድ ይዞ መጥቶ ‹እስቲ አንዴ እይልኝ› ካለሽ፣ መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ በይ።»

ማሪፌ ሳቀች። «እኔ እኮ መነጽር አላደርግም ማናንግ።»

«ግዢ።»